ሦስት ቀን የተበላው አቮካዶ

"ውሰዱልኝ ብያለሁ!"

ጋሼ ዋቅጅራ ሳህኑን በክርናቸው ገፉት... ሾርባው ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

ጥር 1990 ዓ.ም.። አዲስ አበባ፣ ሃያ ሁለት ሰፈር፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ያለ ግቢ።

ባለቤታቸው እንቁ ካረፈች አርባ ቀን አልሞላም። ከዚያ ወዲህ ምግብ የሚባል ነገር አስጠልቷቸዋል።

ሐኪሙ ለልጃቸው ለያቤጽ ቁርጡን ነግሮታል። "እስከ ዓርብ ካልበሉ አስተኝቼ በአፍንጫቸው በቱቦ ነው የምመግባቸው።"

ዕለቱ ማክሰኞ ነበር...

ጎረቤታቸው ሲቲ ይህን ስትሰማ ሻሿን አስተካክላ ሾላ ገበያ ወረደች።

አቮካዶ መረጠች። በአውራ ጣቷ ጫን ስትለው እሺ የሚላትን ብቻ።

ቤቷ መፍጫ የለም። ለሁለት ሰነጠቀችው። በማንኪያ ፈልቅቃ በሹካ ደቆሰችው። ሎሚ ጠብ አደረገችበት፣ ከስኳር ጣሳው ነሰነሰችበት። እንዳይጠቁር ፍሬውን መሃሉ ላይ አስቀመጠች።

አልቀመሰችውም። ረመዳን ነው...

"ጋሼ፣ በሞቴ አንድ ማንኪያ።"

"አልፈልግም አልኩ እኮ፣ አንቺ ልጅ!"

"እንቁንም እንዲህ ያስቸግሯት ነበር?"

"ከዚህም በላይ።"

"እንግዲያው እኔን ቢያስቸግሩኝ ምን ይገርማል? አፍዎን ይክፈቱ!"

ጎረሱ... ፊታቸው ጭምድድ አለ።

ቀና ብለው አዩዋት። ዋጡት።

ሁለተኛውን ጎረሱ... ሦስተኛውን...

ሳህኑ ላይ የቀረው ፍሬው ብቻ ነበር!

ያቤጽ ጓዳ ገብቶ አለቀሰ።

ረቡዕም እንደዚያው ደቁሳ አመጣችላቸው፣ በሉ። ሐሙስም በሉ።

ሐሙስ መግሪብ ላይ ሲቲ ከደቆሰችው የተረፈውን ለባሏ ለሰዲቅ አቀረበችለት። ቀኑን ሙሉ ታክሲ ሲነዳ የዋለ ሰው ነው። በተምር አፈጠረና አንድ ማንኪያ አቮካዶ አስከተለ...

"አንቺ ሴትዮ! ቋንጣ ልታደርጊኝ ነው እንዴ?!"

"ምን ሆንክ?"

"ጨው ነዋ!"

ሲቲ ቀመሰችው። ዞራ ጣሳዎቹን አየች... የስኳሩም የጨዉም ያው የወተት ዱቄት ጣሳ፣ መንታ የመሰለ።

ጫማዋን ሳታደርግ ሮጠች።

"ጋሼ! አፉ ይበሉኝ! ሦስት ቀን ሙሉ ጨው ነው ያበላሁዎት!"

ጋሼ ዋቅጅራ ሳቁ። እንቁ ካረፈች ወዲህ የመጀመሪያው ሳቃቸው...

"አውቄያለሁ እኮ።"

"ታዲያ ለምን በሉት?!"

"የመጀመሪያውን ልተፋው ነበር... ቀና ስል ከንፈርሽ ተሰነጣጥቋል። ጌታ ይባርክሽና፣ ውሃ እንኳ ያልቀመሰ ሰው ደቁሶ ሲያመጣልኝ እንዴት ልትፋው? ብነግርሽ ደግሞ በጾም አፍሽ እንደገና ልትደቁሺ ነው።"

ሆዳቸውን ዳበስ አደረጉ።

"ከዚያ ወዲያማ... እውነቱን ልንገርሽ፣ ራበኝ።"

ዓርብ ሐኪሙ ቱቦውን አላነሳውም።

የዚያኑ ዕለት ያቤጽ የሲቲን ሳህን መለሰ። እዚያ ግቢ የጎረቤት ሳህን ባዶውን አይመለስም...

አፍ እስከ ገደፉ ስኳር ሞልቶበታል።

"አባዬ ነው የላከው" አላት። "'ስኳር ነው፤ እኔ ቀምሼላታለሁ በላት' ብሏል።"

ወዳጆቼ...

የሰው ልፋት አይተፋም። አንዳንዱ ጉርሻ ምላስ እምቢ ሲለው ልብ ይውጠዋል... ልብ የዋጠው ደግሞ ያድናል።

እናንተስ? የሰው ፊት አይታችሁ "ወይ ሲጥም!" እያላችሁ የጨረሳችሁት ምግብ ምን ነበር? የማን እጅ ነበር? ስሙን ኮመንት ላይ ጥሩልን...