የወስፌው ጫፍ

«እሑድ ብቻ ይለፍ ነው ያልኩህ!» ትላለች ደብሪቱ፣ መቀነቷን አጥብቃ በሩ ላይ ቆማ። «ከዚያ ጎንደር አይደለም፣ ከፈለግህ ኢየሩሳሌም ውሰዳት።»

«ሐኪሙ በየሳምንቱ ትምጣ ብሏል። ሳምንቱ ትናንት ሞላ» ይላል ያርጋል።

«ሐኪሙ ልጅ ይድርልሃል?»

ዙፋን መደቡ ላይ ተቀምጣ፣ እግሯን ጋቢ ሥር ሸሽጋ፣ ትሰማቸዋለች። ባሏና የባሏ ታላቅ እህት ከጧት ጀምሮ የሚጨቃጨቁት ስለ እሷ እግር ነው። እሷን ግን የጠየቃት የለም።

እሑድ ከአምባ ጊዮርጊስ ሽማግሎች ይመጣሉ፣ ልጇን እየሩስን ለጋብቻ ለመጠየቅ። የሙሽራው ወገኖች ዘር አጣሪዎች ናቸው። ዛሬ ደግሞ የዳባት ገበያ ነው። የሙሽሪት እናት አስፋልቱ ዳር እያነከሰች ብትሳፈር፣ ወሬው ከሚኒባሱ ቀድሞ አምባ ጊዮርጊስ ይገባል።

መጀመሪያ ቅልጥሟ ላይ፣ በበጋ እንደተሰነጠቀ ዋልካ መሬት፣ ሐምራዊ መስመር እርስ በርሱ ሲያያዝ ሁሉም «እሳት ነው» አሉ። በዚህ አገር ብርድ ምድጃ አቅፎ የከረመ እግር መዥጎርጎሩ አዲስ አይደለም። ዙፋንም የምትቀመጥበትን ዱካ ከእሳቱ አራቀች። መስመሩ አልጠፋም። ከሥሩ አተር አተር የሚያህል እብጠት ያወጣ ጀመር። እብጠቱ ሌሊት እንደ ፍም ይፈጃል፣ ኋላም ይቆስላል። አሁን ነጠላ ሲነካት እንኳ ታቃስታለች።

የጎንደሩ ሐኪም ከእግሯ ሥጋ ቆርጦ ካስመረመረ በኋላ የበሽታውን ስም ነግሯት ነበር። ረጅም የፈረንጅ ስም ስለሆነ አልያዘችውም። የያዘችው ሌላውን ነው። የቆዳዋ ትንንሽ የደም ሥሮች ይቆጣሉ፣ ይጠብባሉ፣ ደሙ ማለፊያ ያጣል። አይጋባም። በዘርም አይወርድም። እሱ ራሱ በሥራ ዘመኑ ያየው ሁለት ሰው ላይ ብቻ ነው። ሊሸኛት ሲነሣ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ «ጣትሽ ከጠቆረ ወይም ከደነዘዘ ቀን አትቁጠሪ፣ በዚያው ዕለት ነይ» አላት። «ካደረ እግሩን ማትረፍ ይቸግረኛል።»

ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ካልሲዋን ስታወልቅ የግራ እግሯ ትንሿ ጣት ጠቁራና ደንዝዛ አገኘቻት። ካልሲውን መልሳ አጠለቀችው። ጣቴ ደነዘዘ ብትል ደብሪቱ ምን እንደምትል ታውቃለች።

«እኔ የምፈራው» ትላለች ደብሪቱ፣ ድምፅዋን አውርዳ፣ «ያ ነገር እንዳይሆን ነው።»

«የቱ ነገር?»

«አታስጠራኝ እንጂ! ቁምጥናው ነዋ!»

ያርጋል ያማትባል። «አይደለም ብሏል ሐኪሙ።»

«ሐኪሙ ትናንት የተወለደ ነው። አያታችን በምን ነበር የሚለዩት? በወስፌ አይደል? የተወጋው ካመመው ደኅና ሰው ነው። ካላመመው…» አትጨርሰውም። ግድግዳው ላይ ከተንጠለጠለው ጅምር ሰፌድ ወስፌውን ትመዛለች። «እስቲ የሚያስነክስሽን እግር ዘርጊው፣ እቴ። የሚጀምረው ከጣት ነው።»

ዙፋን ባሏን ታያለች። ያርጋል መሬት መሬት ያያል። ወስፌው የሚያወጣውን እሱም ፈርቶታል።

እግሯን ትዘረጋለች። ደብሪቱ ካልሲውን ልታወልቀው አትደፍርም። ክንዷን አርዝማ፣ ፊቷን ዘወር አድርጋ፣ ከካልሲው በላይ በትንሿ ጣት በኩል ወስፌውን ትጭነዋለች።

ዙፋን ብረቱ ሲገባ ታያለች። ካልሲው ይጎደጉዳል፣ ወስፌው ወደ ውስጥ ይሄዳል፣ ገና ይሄዳል። ምንም የለም። የሌላ ሰው እግር ሲወጋ እንደማየት ነው።

«ወይኔ እግሬን!»

ሌሊት ለቅልጥሟ የምታወጣውን ድምፅ ለጣቷ ታወጣዋለች። እግሯን ሰብስባ ጋቢው ሥር ትከታለች።

«ተመስገን! ተመስገን የኔ እናት!» ደብሪቱ ወስፌውን ዱካው ላይ ጥላ ትከሻዋን ትስማታለች። ትስቃለች፣ እንባዋንም ትጠርጋለች። «ሰማህ አይደል? እንደ ደኅና ሰው ጮኸች!»

ያርጋል ግንባሩን በኩታው ይጠርጋል። «አንቺ ሴትዮ፣ ልትገድዪኝ ነበር።»

«በል እንግዲህ፣ ደኅና ከሆነች ምን ያጣድፍሃል? ሰኞ ትሄዳለች።»

«ሰኞ መንገዱ ቢዘጋስ?»

«ቢዘጋ ይከፈታላ! ይልቅ ለሽማግሎቹ የምታርደውን ንገረኝ።»

«ዶሮ።»

«ዶሮ? አራት ሽማግሌ ሊያውም ከነቄሳቸው እየመጣ ዶሮ?»

«ገና ለጥያቄ ነው እኮ የሚመጡት! በጉ ለሠርጉ አይደርስም?»

«አንተማ ለተዝካሬም ዶሮ ነው የምታርድ!»

ያርጋል ይስቃል። ከጧት ጀምሮ ሲስቅ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ዙፋን ዱካው ላይ የወደቀውን ወስፌ ታየዋለች። በበሩ የገባው ብርሃን ያርፍበታል። ጣቷ ውስጥ ጠልቆ ገብቶ የወጣ ብረት ነው። ጫፉ ደረቅ ነው። አንዲት ጠብታ ደም እንኳ አልያዘም።

ከአስፋልቱ በኩል የሚኒባሱ ረዳት ጩኸት ይመጣል። «ጎንደር! ጎንደር! ሁለት ሰው!»

ከፍራሹ ሥር የሕክምና ካርዷን አውጥታ በብብቷ ትሸጉጣለች። የላስቲክ ጫማዋን ታጠልቃለች። ጋቢውን ከራሷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ለቅቃ፣ ግድግዳውን እየደገፈች ወደ በሩ ትሄዳለች።

«በግ ነው ያልኩህ! ጠቦትም ቢሆን በግ!» ትላለች ደብሪቱ፣ ተመልሳ በሩ ላይ ቆማ። ክርኗን ሰብሰብ አድርጋ፣ ፊቷን ከወንድሟ ሳታዞር፣ ዙፋንን ታሳልፋታለች።