ፊደሉ ያነሰበት ሰው

ድረ ገጹ አልቆ ነበር። አልተከፈተም እንጂ።

የጡረታ ድርጅቱ ሥራውን የሰጠው ከዚያ በፊት ለሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ድረ ገጽ ለሠራች ንድፍ አውጪ ነው። የገጹ አቀማመጥ፣ ሥዕሉ፣ ለጡረተኛው አሠራሩን የሚያስረዳው አጭር ፊልም፣ ሁሉም በእሷ እጅ ያለፈ ነበር። ውሉ ውስጥ አንድ አንቀጽ ነበረ፤ ራሷ ናት ያስገባችው። በሙከራው ጊዜ ተጠቃሚ ያቀረበው ቅሬታ መልስ ሳያገኝ ድረ ገጹ ለሕዝብ አይከፈትም። ቅሬታ አቅራቢው ስሙን እንዲገልጽም አይገደድም። የድርጅቱ ሰዎች አንቀጹን ወደዱት። ሰው ለሽማግሌ ማሰብ የሚወደው ድካሙን ሌላ ሲደክምለት ነው።

ቅሬታው መጣ። መጀመሪያ ፊደሉ አነሰ ተባለ፤ አሳደገችው። ቀጥሎ በፊልሙ ውስጥ የምትናገረው ሴት ጅብ እንደሚያባርራት ትፈጥናለች ተባለ፤ ድምፁ እንደገና ተቀዳ። ከዚያ ቀለሙ ዓይን ወጋ። ከዚያ ማንም የማይደርስበት የመጨረሻው ገጽ ላይ ያለው አንድ ቁልፍ ጠፋ። አንዱን ስትደፍን ሌላው ያፈስ ነበር፤ እንደ አሮጌ ጣሪያ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ባሕር ማዶ አንድ ሙሽራ ይጠብቃል። የታላቅ ወንድሟ የልጅነት ጓደኛ ነው። ሁለቱን ያገናኘው፣ ነገሩን የጨረሰው፣ ቀኑን የቆረጠውም ወንድሟ ነበር። እሺ ማለቷን የተጠራጠረ የለም፤ እምቢ ስትል የሰማ አልነበረምና። ሠርጉ ግን ተላልፏል፣ እንደገናም ተላልፏል። ውል ፈርማ ሥራዋን ጥላ መሄድ አትችልም። የሙሽራው ቤተሰቦች ከእንግዲህ እንደማይታገሡ ለወንድሟ ነግረውታል።

ሙሽራው የወጥ ቤቱን ፎቶ ላከላት። ምድጃው ያብረቀርቃል፤ መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለው። እዚያ ሥራ መፈለግ እንደማያስፈልጋት፣ ቤቱ ራሱ በቂ ሥራ እንደሚሆናት ከሥሩ ጽፎበታል። ወንድሟ ምን ትያለሽ ብሎ ጠየቃት። ፎቶውን አየችና ብርሃኑ ከግራ መግባቱ ጥሩ ነው አለች።

የምትሠራው እናቷ ቤት፣ በፍሪጁና በመስኮቱ መካከል በተሸጎጠች ጠረጴዛ ላይ ነው። ወንበሯን ወደ ኋላ ከገፋች ፍሪጁ አይከፈትም። እናትየዋ ዕድሜዋን በታይፕ ጸሐፊነት ገፍታ ጡረታ የወጣች፣ አሁን ዓይኗ የደከመ ሴት ናት፤ መነጽሯን ካላደረገች የሰው ፊት እንጂ ጽሑፍ አይታያትም። አንድ ቀን የመድኃኒት ጠርሙስ ወደ መስኮቱ አስጠግታ፣ «ይኼ ፊደል እንደ ጉንዳን ሰልፍ ይሄድብኛል» አለች። ልጅቱ ከኮምፒውተሩ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ጠርሙሱን ተቀብላ አነበበችላት።

ጎረቤቲቱ በገባች ቁጥር ትቀልዳለች። «ሙሽሪት፣ ዛሬም አላለቀም? ሸረሪት እንኳ ባንድ ቀን ትጨርሳለች።»

«ተያት» ትላለች እናት እየሳቀች። «እኔ ስዳር የማያልቅ ሥራ ቢኖረኝ እስከ ዛሬ በሠራሁ።»

ወንድምየው አይስቅም። ጥርጣሬውም የታወቀ ነው። የድርጅቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ «እስቲ» ሳይል አረፍተ ነገር መጀመር ስለማይችል እነሱ ቤት ስሙ እስቲ ነው። እስቲ እንደ እሷ ያለ ሠራተኛ ከየት ያገኛል? ቅሬታውን ቁጭ ብሎ የሚጽፈው ራሱ ነው፤ በአንድ ፊደል ሰበብ የሰው ትዳር ይዟል ባይ ነው።

«ሰውዬው እኮ አስሮሻል» አላት።

«ታስሬያለሁ፣ ጋሼ» አለች። ስለ ሰውዬው ምንም አላለችም።

በማግስቱ ወንድምየው ድርጅቱ ቢሮ ሄዶ እስቲን ፊት ለፊት ወነጀለው። እስቲ ደነገጠ። ድረ ገጹ ባለመከፈቱ አለቆቹ ከእሱ ጋር መነጋገር ካቆሙ ሰንብተዋል፤ ከማንም በላይ የተቃጠለው እሱ ነው። የመጨረሻውን ቅሬታ በወረቀት አትሞ ሰጠው። «እስቲ ራስህ አንብበው።»

ወንድምየው አነበበ። ልጆቼ፣ ይላል ወረቀቱ፣ አሳድገነዋል ያላችሁት ፊደል አሁንም እንደ ጉንዳን ሰልፍ ይሄድብኛል።

ሁለተኛ አላነበበውም። አጥፎ ኪሱ ከተተና ደህና ዋሉ እንኳ ሳይል ወጣ።

እናቱ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። መነጽሯ ፍሪጁ ላይ ነው። ወረቀቱን ዘርግቶ ጭኗ ላይ አኖረው።

«እንደ ጉንዳን ሰልፍ ይሄድብኛል ይላል ቅሬታው። ይኼ የማን አነጋገር ነው፣ እማዬ?»

እናትየዋ ወረቀቱን ዝቅ ብላ አየችው። ከዚያ ልጅቱን አየቻት። ልጅቱ ጣቶቿን ኮምፒውተሩ ላይ እንደዘረጋች ቀርታለች።

«የኔ ነው» አለች እናት።

«ከዚህ በፊት የመጡትስ?»

«ሁሉም የኔ ናቸው።»

ያን ጊዜ ወንድምየው በሆዱ የነበረውን ሁሉ አወጣው። የልጇን ዕድል የምትበላ እናት ዛሬ ማየቱን፣ ብቻዋን መቅረት ስለፈራች ልጇን ምርኩዝ ማድረጓን፣ ያቺ ምስኪን የእናቷን ተንኮል ቁጭ ብላ ስታርም መክረሟን ተናገረ። እናትየዋ እስኪጨርስ ሰማችው። አንዱንም አላስተባበለችም። ነገውኑ ቢሮው ድረስ ሄዳ ቅሬታዋን እንድታነሳ አዘዛት።

«ጡረተኛ ነኝ» አለችው። «ካልታየኝ አልታየኝም። አላነሳም።»

«ሠርጉስ?»

«የቸኮለ ሌላ ያግባ።»

በሩን እንደተከፈተ ትቶት ሄደ። ጫማው የደረጃውን ሲሚንቶ እየደበደበ ሲወርድ ተሰማ። ልጅቱ ተነስታ በሩን ዘጋችና እዚያው ቆመች።

«በይ መነጽሬን አቀብይኝ» አለች እናትየዋ ወረቀቱን ከጭኗ ላይ እያነሳች። «ምን ብዬ እንደጻፍኩ ልወቅ።»