ከመጋረጃው ኋላ የተባለው

«የልጄን ካፖርት ልሰጣት ነው የመጣሁት፤ ሰጥቻት እሄዳለሁ» አለች ቡሩል፣ ፌስታሉን ጭኗ ላይ እንዳቀፈች።

«ሻይ ሳይጠጣ የት ይኬዳል?» አለች ዳሚራ። ዳሚራ የሴቶች መጠለያው ኃላፊ ናት፤ ተጠልፈውና ተደፍረው የሚመጡትን ተቀብላ ሐኪም ዘንድ የምታደርስ፣ ጠበቃ የምታቆም፣ ፖሊስ ጣቢያ ድረስ አብራ ሄዳ የምትከራከር፣ ድምጿ ጎርነን ያለ ሴት። «ልጅሽ እያፈላች ነው። ደግሞ እኮ አውቅሻለሁ! ገበያ መግቢያው ላይ የደረቀ አይብ የምትሸጪው አንቺ አይደለሽ? አይብሽ ጥርሴን ሰብሮኛል።»

ቡሩል ልትስቅ ፈልጋ ሳቁ አልመጣ አላት። በዚህ አረንጓዴ በር በየገበያው ቀን ስታልፍ ኖራለች፤ ልብስ ስፌት ቤት ይመስላት ነበር። ልጇ ጂቤክ ግን ከጠላፊዋ አምልጣ፣ ያለ እናት፣ ያለ ካፖርት፣ አንዲት የጤና ጣቢያ ነርስ ሹክ ያለቻትን ብቻ ይዛ አገኘችው። ወላጅ ያልደረሰላትን ልጅ ባዳ ደረሰላት።

«ደህና ናት?»

«ሐኪም አይቷታል። የምታድረው እዚሁ ነው፤ ማንም ገብቶ አይወስዳትም። ጠበቃዋም ገንዘብ አትጠይቅም።» ዳሚራ ወንበሯን ጠጋ አደረገች። «የከበደን ሌላ ነው፣ እትዬ ቡሩል። ጠላፊውና ዘመዶቹ ‹ወዳ ነው የገባችው፤ የሙሽራ ነጭ ሻሽ ስናስርላት አንገቷን ደፍታ ተቀበለች› ይላሉ። ጎረቤቱም የሠርጉን በግ በልቶ አፉን ይዟል። እምቢ ስትል ሰምቻለሁ የሚል አንድ ሰው ጠፋ። ከቤታችሁ ሰው መጥቶ እንደሆን ስንጠይቃትም ‹ማንም አልመጣም› አለች።»

ማንም አልመጣም! ቡሩል ፌስታሉን ጨምድዳ ያዘችው። ልጄ ገመናዬን ሸፈነችልኝ ብላ አሰበችና ዓይኗ እንባ ሞላ።

ሄዳ ነበር እንጂ። ጂቤክ በተጠለፈች ማግስት ገና ጎህ ሲቀድ ደርሳ ነበር። የጠላፊው ቤት ሴቶች እያጨበጨቡ፣ እየዘፈኑ ተቀበሏት፤ ትኩስ ዳቦና ቅቤ አቀረቡላት። ጂቤክ በሙሽራ ወግ ከመጋረጃ ኋላ ተቀምጣለች። ቡሩል መጋረጃውን ገልጣ ስትገባ የልጇ ከንፈር አብጧል። ሌሊቱን ምን እንዳደረጓት ለማወቅ ሴት መሆን ብቻ ይበቃ ነበር።

«እማ፣ ውሰጂኝ» አለቻት ጂቤክ። «አልፈልገውም። በግድ ነው።»

ቡሩል ዘወር ስትል የጠላፊው አያት ሙሽራዋ እንዳትወጣ ደጃፉ ላይ ተጋድመዋል፤ በአገሩ እምነት እንዲህ የተኛችን አሮጊት ተራምዶ የወጣ ሰው እርግማኑ እስከ ልጅ ልጅ ይከተለዋል። እሷ ራሷ በተጠለፈች ጊዜም እናቷ እንዲህ ካለ ደጃፍ ደርሰው፣ «ድንጋይ በወደቀበት ይከብዳል፤ ሴትም በገባችበት» ብለው ጥለዋት ተመልሰዋል። እርግማኑን ፈራች። የአገሩን ወሬ ደግሞ፣ እውነት ይነገር ከተባለ፣ ከእርግማኑ አብልጣ ፈራች። የልጇን ሻሽ አስተካከለችላትና ምንም እንዳልሰማ ሰው፣ «በልተሻል?» አለቻት። አሮጊቷ ሲነሱላት ብቻዋን ወጣች።

«ምነው?» አለች ዳሚራ። ፊቷን ስታጠና ቆይታለች። «የምታውቂው ነገር ካለ፣ ፍርድ ቤት ቆመሽ መናገር ሊመጣ ነው። አገሬው ይሰማል። አልችልም ካልሽ አላስገድድሽም፤ ሻይሽን ጠጥተሽ በሰላም ትሄጃለሽ።»

ዝም ማለት ለቡሩል አዲስ አይደለም፤ ዕድሜዋን ሙሉ የተካነችው እሱን ነው። ልጇም መውጫውን አበጅታላታለች። ሻይ ተጠጥቶ፣ ካፖርቱ ተሰጥቶ፣ ወደ ገበያ መመለስ ነው። ደግሞስ ባሏ ምን ይላል? ጎረቤት ‹ልጇን ሸጣ ኖሮ› ቢልስ? ይበል። ምን ዋሸ!

«እኔ ሰምቻለሁ» አለች።

ዳሚራ ብዕርና ወረቀት ሳበች።

«ሄጄ ነበር። ‹ውሰጂኝ፣ በግድ ነው› ብላኛለች። አንዷም ቃል አላመለጠችኝም። ሰምቼ፣ እንዳልሰማ ሆኜ፣ ትቻት ወጣሁ። ዳኛውም ይስማ፣ አገሩም ይስማ። እናትነት እንደሆነ ያኔውኑ ቀርቶብኛል።»

«እትዬ ቡሩል» አለች ዳሚራ እጇን ይዛ። «ስንፈልገው የከረምነው ይኼንን ነው። አሁን ልጅሽ ምስክር አላት።»

ብርጭቆ ሲንኳኳ ሁለቱም ዞሩ። ጂቤክ የሻይ ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ከስታለች፤ የለበሰችው የሰው ሹራብ ትከሻዋ ላይ ሰፍቷታል። ቡሩል ተነስታ ልታቅፋት አሰበችና ፌስታሉን የት እንደምታስቀምጠው ጠፋት።

«ጂቤክዬ፣ ልጄ፣ ምን ብለሽ ‹ማንም አልመጣም› አልሽ? እኔን ከሐሜት ለማዳን ብለሽ ነው?»

«አይደለም።» ጂቤክ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብላ አኖረችው። «ሴቶቹ እየዘፈኑ ስለነበር፣ በጫጫታው መሀል ያልኩት ያልደረሰሽ መስሎኝ ነው። ከሰማሽ ትተሽኝ አትሄጂም ብዬ። ላልሰማሽው ነገር ሰው እንዳይወቅስሽ ነው ‹ማንም አልመጣም› ያልኩት።»

እናቷን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት።

«ሰምተሽኝ ነበር ለካ።»