የባዶው ክፍል ቁጥር

ቴክኒሻኗ ጠዋት ጠዋት፣ የጨረር መድኃኒት የሚሰጣቸው ሕመምተኞች ሳይገቡ፣ የባዶውን ክፍል ጨረር ለአንድ ደቂቃ ትለካለች። ቁጥሩ እንደ ቅብጥብጥ ሕፃን አንድ ቦታ አርፎ አይቀመጥም፤ ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ ይላል። የመሣሪያው ጤንነት የሚታወቀውም በዚሁ ነው።

ዛሬ አራት መቶ አሥራ ሰባት መጣ። ደገመችው፤ ያው። ቢቸግራት ባትሪውን ቀይራ ለካች፤ ያው።

"ጋሼ! ኧረ ይሄ ቁጥር አልንቀሳቀስ አለ!" ስትል የክፍሉን ኃላፊ ተጣራች።

ሽማግሌው መነጽራቸውን በጋዋናቸው ጫፍ እየወለወሉ በበሩ ብቅ አሉና ሳቁ።

"ጨረር እንደ ሐሜት ነው ልጄ፤ ሲደገም እንደነበረ ሆኖ አያውቅም። ያንኑ ደቂቃ መልሰሽ ካልለካሽው በቀር።"

በሩን ዘግተው ሄዱ። እንደገና ለካች። አራት መቶ አሥራ ሰባት።

አሁን አልተጣራችም። በሩ ግን ተከፈተ። ሽማግሌው መነጽራቸውን በጋዋናቸው ጫፍ እየወለወሉ ብቅ አሉና ሳቁ።

"ጨረር እንደ ሐሜት ነው ልጄ..."

በሩ ሳይዘጋ ልትይዘው ከወንበሯ ተስፈንጥራ ተነሣች። እጀታውን ጨበጠች፤ ቅዝቃዜው መዳፏ ላይ ተሰማት።

ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች። ጣቷ የመሣሪያውን ቁልፍ ተጭኗል፤ ቆጠራውም ከዜሮ ጀምሯል።