ለኤባ የወጣው ዕጣ

«የኤባ አዲሱ መድኃኒት ነበር፤ የቃልኪዳን ደግሞ የድሮው» አለች ሱመያ። የአረጋሽ እጅ በስኳሩ ጆንያ ውስጥ እንደገባ ቀረ።

ሱመያ የጥናቱ ነርስ ናት። ጥናቱ አልቋልና በገባችው ቃል መሠረት በሄሉ ሰፈር ቤት ለቤት እየዞረች፣ ልጆቻቸው የትኛውን መድኃኒት ሲወስዱ እንደነበር ለየወላጆቹ ትናገራለች። ሁለቱን እናቶች በአረጋሽ ሱቅ ውስጥ አንድ ላይ ስላገኘቻቸው መንገድ ያቀለለላት መስሏት ነበር። መቼስ ተለያይተው አያውቁም፤ አረጋሽ ከባንኮኒው ወዲህ፣ ዋሪቱ ከወዲያ በለስላሳ ሳጥን ላይ። የአረጋሽ ልጅ ቃልኪዳን ድናለች፣ የዋሪቱ ልጅ ኤባ ሞቷል፤ ይህም እንኳ አላለያያቸውም።

ካላዛር የሚባለው በሽታ ሁለቱን ልጆች የያዛቸው በአንድ ሰሞን ነው። ሆዳቸው ተነፍቶ እግራቸው ሰለለ። ሱመያ ያኔ ነገሩን አስረድታቸው ነበር። የድሮው መድኃኒት አለ፣ አዲስም መጥቷል፣ የትኛው እንደሚሻል ግን ማንም አያውቅም። ሐኪም ይምረጥ ቢባል ሳያስበው አንጀቱን ለበላው ልጅ ያደላል፤ ስለዚህ ዕጣ ይወጣል። የክኒኖቹም መልክ አንድ ነው፤ ለማን የትኛው እንደደረሰ ሐኪሙም እናቲቱም አያውቁም፣ ካወቁ ዓይናቸው ማየት የሚፈልገውን ያያል። ልጆቻችሁ ለሌሎች ልጆች ትምህርት ይሆናሉ ብላ ነበር ንግግሯን የጨረሰችው። ዋሪቱ ይህችን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳቻትም።

ዕጣ የሚሉት ነገር ግን አልተዋጠላትም። በእሷ ወገን ከብቱ ያለቀበት ሰው ቢኖር፣ ዘመዱ ከየበረቱ ነድቶ ይሰጠዋል እንጂ ዕድልህ ነው ብሎ አይተወውም። እናም ክኒኑ ቤት እንደገባ የሁለቱን ልጆች ብልቃጥ አንድ ሳህን ላይ ገለበጠችው፣ ደባለቀችው፣ እኩል አካፈለችው። የሚሻለው የማንም ይሁን የማን ለሁለቱም ይደርሳል። ዋልዳ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ የእርዳታ ስንዴ እየተካፈለች ያደገችው አረጋሽም ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ብላ አጸደቀችው። ክኒን በመጣ ቁጥር እንዲሁ አደረጉ። ተካፍለው በሉ፤ ኤባ ግን ብቻውን ሞተ።

ሱመያ ይህን ሁሉ አታውቅም፤ ወሬዋን ቀጠለች። አዲሱን የወሰዱት ልጆች ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም ድነዋል፤ የኤባ ነገር ሐኪሞቹን ሲያከራክር ከርሟል። ቃልኪዳን ደግሞ ያን ያህል ተጎድታ ሳለ በድሮው መዳኗ ገርሟቸዋል። ሁሉንም የሚያውቅ አላህ ነው፣ ፖሌ፣ አይዞሽ፣ አለችና የዋሪቱን ትከሻ ዳበሰች።

አረጋሽ እጇን ከጆንያው አወጣች። ልጇ ከማን አፍ በተቀነሰ መድኃኒት እንደተረፈች ገባት። ዝም በይ ብላ ዋሪቱን ልትለምናት ፈለገች፤ መልሳ ደግሞ ራሷ ተናግራ ልትገላገል አሰበች። ከሁሉ የከበዳት ቀና ብሎ የዋሪቱን ፊት ማየት ነው።

የተናገረችው ዋሪቱ ናት።

«እኛ ደባልቀናል፣ ሲስተር» አለች። «ግማሽ ለኤባ፣ ግማሽ ለቃልኪዳን።»

ሱመያ የምትቀመጥበት አጣች። አልተቆጣችም፤ መቆጣት እንኳ ተስኗት፣ አንድ ልጅ አንዱን መድኃኒት ብቻ ካልወሰደ ማወዳደር እንደማይቻል በቀስታ ነገረቻቸው። የሁለቱ ልጆች ነገር ስለ አዲሱም ስለ ድሮውም የሚናገረው የለም። የሆነውንም ለሐኪሞቹ መንገሯ ግድ ነው።

«ኤባ እንግዲያ ማንንም አላስተማረም?» አለች ዋሪቱ።

ዋሪቱ ልጇን ቀብራ የተጽናናችው በዚያች ቃል ነበር፤ አሁን ያቺም ቃል ሄደችባት። አረጋሽ «ዋሪቱዬ» አለች። ይቅርታ እንዳትል የምን ይቅርታ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ እንዳትል የምን ምስጋና።

በዚህ መሀል ቃልኪዳን ከትምህርት ቤት መጣች። ዩኒፎርሟ ጠቧታል፣ ጉንጯ ሞልቷል። አረጋሽ በልጇ ጤና አፍራ አታውቅም ነበር፤ ዛሬ ባንኮኒው ሥር ብትደብቃት በወደደች። ልጅቱ ግን ቀጥታ ሄዳ ዋሪቱን ሳመቻት።

ዋሪቱ አቅፋ አቆየቻት። ቀጥላም እጇን ወደ መስታወቱ ሳጥን ሰድዳ አንድ ማንዳዚ ብስኩት አወጣችና ሰጠቻት። ቃልኪዳን እንደለመደችው ለሁለት ገመሰችው፤ ግማሹንም ዘረጋችላት።

«አይ» አለች ዋሪቱ፣ የልጅቱን እጅ ወደ ደረቷ እየመለሰች። «ሁሉንም ብዪ። አንቺ ሁሉንም ብዪ።»

ቃልኪዳን ወደ እናቷ ዞረች፤ እናቷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች። ምን ታድርግ፣ በላች። ዋሪቱም ለልጇ ክኒን እንደምታስውጥ እናት ዓይኗን ከልጅቱ አፍ ላይ ሳትነቅል፣ የመጨረሻዋ ቁራሽ በጉሮሮዋ እስክትወርድ ድረስ ጠበቀች።