ኮሶ የጠጣው ሙክት

እታለማሁ እግሯን ዘርግታ ግቢው መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ የድምቡሼ ራስ ጭኗ ላይ ነው። ጥርሱን ያፋጫል፤ ከአፉ የሚወርደው አረፋ ቀሚሷን አበስብሶታል።

«ኧረ የሰው ያለህ! መሪየም! መድኃኒት ጠጥቶ ወደቀብኝ! ሊሞትብኝ ነው!»

ድምቡሼ ሙክት ነው። እናቱ በወለደችው ማግሥት ሞታበት፣ እታለማሁ ጣቷን ወተት እየነከረች አጥብታ አሳደገችው። ልጅ ያልተሰጠው ቤት ነውና እንደ ልጅ ሆነ። ለሁለት ፋሲካ ሊታረድ ታስቦ ሁለቱንም ጊዜ «ገና ሥጋ አልያዘም» ብላ አስቀርታዋለች። ሥጋስ ይዟል፤ ቢላ የሚያነሣ ልብ ነው የጠፋው።

ጩኸቷ ግን ስም አልነበረውም። ባሏ አቶ ብዙነህ ዛሬ ኮሶ እንደሚጠጣ ጎባ ውስጥ ያልሰማ የለም፤ ከጠቅላይ ግዛቱ መሥሪያ ቤት ለዚሁ ብሎ ፈቃድ ወስዷል። እታለማሁ ደግሞ እንደ ወጉ የባሏን ስም አትጠራም፤ «እሱ» ነው የምትለው። ታዲያ ከአጥሩ ማዶ ያለችው መሪየም ማን ወደቀ ትበል? ኮሶ የጠጣ ሰው ቤት ደግሞ አይገባም። እየሮጠ ጓሮ ሲመላለስ ማን ይየው!

«አይዞዎት እትዬ!» አለች መሪየም ከማዶ። «ኮሶ እንዲህ ያደርጋል፤ ሲወጣለት ይተወዋል። እኔ ብገባ ያፍራል።»

«ምን ያፍራል! ነይ እንጂ! አራቱም እግሩ ከዳው እኮ!»

መሪየም ወደ አጥሩ ተጠጋች።

«አራቱም?»

«አራቱም!»

«ያ ረቢ! ሆላ ነው እንዴ? በጉ? እኔ እኮ አቶ ብዙነህ መስሎኝ!» መሪየም ቀሚሷን ሰብስባ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ መጣች። የድምቡሼን አተላ የያዘውን ገበቴ አነሣችና አሸተተች፤ ፊቷ ተጨማደደ። «እትዬ፣ ይሄ አተላ ብቻ አይደለም። ኮሶ አለበት።»

እታለማሁ ቀና አለች። አቶ ብዙነህ ሙሉ ልብሱን እንደ ለበሰ ደጃፉ ላይ ቆሟል፤ ጫማውን ነው የሚያየው። ጠዋት የሰጠችው ዋንጫ ባዶ ሆኖ ስታገኘው «ጎበዝ» ብላ አመስግናው ነበር።

«አልጠጣሁትም» አለ።

«የት አደረግኸው?»

«ልደፋው ወጣሁ። ኮቴሽን ስሰማ ገበቴው ቅርብ ነበር። አተላው ይበርዘዋል ብዬ እኮ ነው።»

«ብዙነህ!» አለች። ከተጋቡ ጀምሮ ስሙ ከአፏ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ እሱም ደነገጠ፣ እሷም ደነገጠች። «እጥፍ እኮ ነው የዘፈዘፍኩት! ያለፈው አልሠራልህም ብዬ እጥፍ አድርጌ! ወይኔ ልጄን! ላንተ ብዬ ልጄን ገደልኩት!»

ድምቡሼ ተንፈራገጠ። መሪየም ሆዱን ዳሰሰች፤ ደረቅ ብሏል። ምን እንደሚደረግ እሷም አላወቀችም። «ጥጃ ቢሆን ወተት እግት ነበር፤ ኮሶ ግን...» ብላ እታለማሁን አየች።

«ተልባ!» አለች እታለማሁ። «ለሱ ማሻሪያ ያዘጋጀሁት ተልባ አለ። ሰውን ካሻረ በግ የማያሽርበት ምን ምክንያት አለ? አምጣው፣ ምን ትገተራለህ!»

ብዙነህ ሮጠ። ተልባውን በጠርሙስ ገልብጦ መጣና በዚያ በመሥሪያ ቤት ሱሪው ጭቃው ላይ ተንበረከከ። የበጉን ራስ እሱ ደገፈ፤ መሪየም የአፉን ጥግ በጣቷ ከፈተች፤ እታለማሁ ጠብ ጠብ አደረገች።

«ቀስ፣ እትዬ፣ ቀስ! ትንታ ይገለዋል።»

ጉሙ ተገልጦ ፀሐይ እስክትወጣ ሦስቱም ከዚያ አልተነሡም። አንዴ የድምቡሼ ዓይን ሲገለበጥ እታለማሁ ፊቷን አዞረች። ያን ጊዜ ነው የባሏን ድምፅ የሰማችው፤ በበጉ ጆሮ ውስጥ ያንሾካሽካል።

«ድምቡሼ፣ ልጄ፣ በሚካኤል ተነሥልኝ። አንተ ብቻ ተነሥ እንጂ እጥፉን እጠጣዋለሁ። ፊቴንም አላጠቁርም።»

ልጄ አለው። ይህ «መቼ ነው የምንበላው» እያለ የሚያበሽቃት ሰው! እታለማሁ አሁንም ተናዳበታለች፤ ግን አንጀቷን በላት።

ከዚያ በኋላ የሆነው በጨዋ ፊት አይወራም፤ መሪየም ብቻ ቀሚሷን በጊዜ ሰብስባ ዳነች። በጭራሮ ነካ ነካ አደረገችና እልል አለች። «ይኸው ትሉ! እትዬ፣ ወጣለት እኮ! የአቶ ብዙነህ መድኃኒት ለድምቡሼ ሆነ!»

ድምቡሼ የኋላ እግሮቹን ቀድሞ አነሣ፤ ተንገዳገደ፤ ቆመ። ራሱን አራገፈና የፈሰሰ ተልባ ሽታ ተከትሎ አፍንጫውን ብዙነህ ኪስ ውስጥ ወሸቀ። ብዙነህ አንገቱን አቅፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሴቶቹ ሳቁበት፤ እነሱም ዓይናቸው ደርቆ አልነበረም።

አፍንጫውን ጠርጎ ተነሣ። «ሚካኤልን ብያለሁ» አለ። ቤት ገብቶ ከቆጡ ላይ የተንጠለጠለውን ኮሶ አወረደ፤ ራሱ እየዘገነ ሙቀጫው ውስጥ ጨመረ። እጥፍ። አንዲት ፍሬ አላጎደለም። ከዚያ እጁን ሊታጠብ ወደ ጓሮ ዞረ።

እታለማሁ ሙቀጫውን አየች። ወደ ጓሮ አየች። እጇን ከተተችና ግማሹን አፍሳ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

«እትዬ!» አለች መሪየም።

«ዝም በይ፤ ባሌን ልትገድይብኝ ነው?» አለችና፣ ኮቴውን ስትሰማ ዘነዘናውን አንሥታ በቁጣ መውቀጥ ጀመረች።