የቀስቱ ጫፍ

ጠዋት ቢሮ ገብቼ ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን የመሥሪያ ቤታችንን መዋቅር እያቀናበርኩ ነበር፤ የሠራተኞቹን ፎቶዎች በቀስት አያይዣለሁ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ አብራኝ የምትኖረው የእህቴ ልጅም እዚሁ መሥሪያ ቤት ከጎኔ ተቀምጣ ትሠራለች።

«አክስቴ፣ ቀስቶችሽ የዝንብ እግር መሰሉ እኮ» አለችኝ። «እስቲ ትንሽ አወፍረሽ ጫፋቸውን አሹይው።»

መስመሩን አወፈርኩ፤ ጫፉንም አሾልኩ። ጫፉ ፎቶዋ ላይ አንገቷን ነካ።

«ኧረ ወጋሽኝ» ብላ ሳቀች።

ሳቋ ሳያልቅ ከአንገቷ ደም ወረደ። እንደ ልማዴ የመጨረሻውን ሥራ የሚሰርዘውን ቁልፍ ተጫንኩ። ቀስቱ ከፎቶው ሲወጣ ደሟ ገንፍሎ ስክሪኑን ሸፈነው። ደሙ እንዲቆም በአንድ እጄ አንገቷን ያዝኩ። ቀስቱን ልመልሰው ብዬ ስክሪኑን በሌላው ክንዴ ጠረግኩት።

ፎቶዋ ከደሙ ጋር ተጠርጎ የለም። በእጄ የያዝኩት አንገትም የለም።